በሩዝ እርከኖቹ ላይ የተነሱ ፎቶዎች

ወይዘሮ ሸዋገነት ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ቦናመስ ሰፈር በሚገኘው የዘጠነኛ ፎቅ ቤታቸው፣ ሳሎኑ መሃል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ከኋላ የተመቱበት የድንጋይ ምስል አጠገባቸው ወድቋል። አፉን የከፈተ የቤተ መቅደስ ዘብ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ከባሊ ሲመለሱ በሻንጣቸው ይዘውት መጥተዋል። ድንጋዩ በጨርቅ ተጠርጓል።

የወንጀል መርማሪዋ ኮሚሳር ፋጥና ድሬዳዋ ተወልዳ ፍራንክፈርት ያደገች፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ደፉ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። በሩ አልተሰበረም፤ ሟቿ ገዳያቸውን ራሳቸው አስገብተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ። የእጅ ስልካቸው የለም። ከእንግዳው ወንበር በስተቀኝ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ታብሌት መደርደሪያ ላይ ቆሞ ድምፅ ሳያሰማ የባሊን ፎቶዎች ተራ በተራ ያሳያል። የጎረቤት ሴት አምስት ሰዓት ላይ ጭቅጭቅ ሰምታለች። ስልኩን ከሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ ከሕንፃው የቆሻሻ ገንዳ አወጣው፤ ተረግጦ ደቋል።

አስከሬኑን ያገኘችው ልጃቸው ልዕልት ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አረጋውያን ትንከባከባለች። ወጥ ቤት ውስጥ ክንዶቿን አጣምራ ቆማለች።

«ባሊ የሄዳችሁት ማንና ማን ነበራችሁ?» አለች ፋጥና።

«እናቴ፣ እኔ፣ የእናቴ የእህት ልጅ ጉልላት፣ እና ወይዘሮ ሮማን ከቤተ ክርስቲያን። ለእናቴ የጡረታ መሸኛ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ቤተ መቅደሶቹንና የሩዝ እርከኖቹን ዞርን። ማታ ስንመለስ አንዳችን ካንዳችን አንነጋገርም ነበር።»

«ለምን?»

«እኔን በቤተ መቅደሱ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ማሕሙድን ካገባሽ ልጄ አይደለሽም› አለችኝ። ስምዎን ብትሰማ ለእርስዎም በር አትከፍትም ነበር።»

«አላለቀስሽም።»

«እንዳለቅስ ነው የመጡት?»

ወይዘሮ ሮማን ጊንሃይም ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ የመዘምራን መሪ ናቸው። ፋጥናን ተቀመጪ አላሉም።

«ስልኩ ከጠፋ እሰየው» አሉ። «እዚያ ጸበል ያለበት ቤተ መቅደስ አንድ ካህናቸው ውኃ ረጨኝና ግንባሬ ላይ ሩዝ ለጠፈልኝ። እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ሸዋገነት ፎቶ አነሳችኝ። ‹ጣዖት አመለክሽ፤ እሁድ ለጉባኤው አሳያለሁ› አለች።»

«ስለዚህ ስልኩ እንዲጠፋ ይፈልጉ ነበር።»

«ስልኩ ብቻ ቢጠፋ ምን ዋጋ አለው? ያ ታብሌት አለ አይደል። ስልኩ ያነሳውን ሁሉ ይቀበላል። ባለፈው እሁድ ስሄድ ሩዝ እንደተለጠፈብኝ ሳሎን ውስጥ ገትራኛለች። ያ ቤተሰብ እንዲሁ ነው። ጉልላትንም ተመልከቺው። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እጄን ዘርግቼ ስጠብቀው አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል።»

ጉልላት አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የትራም ሾፌር ነው፣ ፌኸንሃይም ሰፈር ብቻውን ይኖራል። በሩን ከፍቶ ፋጥናን አስገባና ሊዘጋው ዞረ። ፋጥና ከጎኑ እጇን ዘረጋች። እሱ አልፏት ገባ። ከተቀመጠ በኋላ ግን ትሑት ነበር።

«ከአክስቴ ጋር ጠብ የለኝም። ሐሙስ እንኳ ቤቷ ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«የት ተቀምጠው?»

«የእንግዳው ወንበር ላይ ነዋ። ወይዘሮ ሮማንን ይጠይቁ እንጂ። ስልኩ ሲጠፋ የሳቸው ፎቶም አብሮ ጠፋ። ሌላ ቦታ የለማ።»

ፋጥና ቅዳሜ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው ተኝቻለሁ አለ፤ ያየው ሰው የለም።

ቢሮዋ ተመልሳ የታብሌቱን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አየች። ዋሻው ቤተ መቅደስ ውስጥ ሌሎቹ ሲራመዱ ጉልላት ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ቀረ። የሩዝ እርከኖቹ ላይ ደግሞ መንገዱ ሰፊ ሳለ ወደ ቀኝ ረግጦ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ልዕልት ስትስቅ ይሰማል። የሚቀርጹት ወይዘሮ ሸዋገነትም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው በድንገት ተቋረጠ። ፋጥና ለልዕልት ደወለች።

«እናትሽ ነርስ ነበሩ አይደል? በየትኛው ክፍል?»

«የዓይን ክፍል። ሠላሳ ዓመት።»

ማክሰኞ ጠዋት ፋጥና ሦስቱንም በሟቿ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጉልላትን የእንግዳው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሮማን ከልዕልት ራቅ ብለው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ገዳዩ ስልኩን ወስዶ አደቀቀው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የፈራው ስልኩ ውስጥ ያለውን ነው። መጀመሪያ ወይዘሮ ሮማንን ጠረጠርኩ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሮማን በምሬት።

«ነገር ግን እርስዎ ቢሆኑ ታብሌቱን አይተዉትም። ልዕልትም ታውቀዋለች፤ እናቷ ቤት ትመላለሳለች። ወደዚህ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔም እንደገባሁ አየሁት። ያን ያህል ተጨንቆ ስልክ የሚያጠፋ ሰው፣ ፎቶዎቹ አጠገቡ እያበሩ እንዴት ትቷቸው ይሄዳል? መልሱ አንድ ነው። አላያቸውም።»

«ማን ነው የማያይ?» አለች ልዕልት።

«አቶ ጉልላት ሐሙስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል። ግን ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ የሉም አሉኝ። እጄን ከጎን ብዘረጋላቸው አልጨበጡኝም፤ ወይዘሮ ሮማን ትዕቢት ያሉት ይኼንኑ ነው። ዋሻው ውስጥ ግድግዳ ዳሰሱ። ከሰፊ መንገድ ላይ ወደቁ። ልዕልትም እናቷም ሳቁ፤ የገባቸው ግን ወይዘሮ ሸዋገነት ብቻ ናቸው። የአቶ ጉልላት የጎን እይታ ጠፍቷል።»

«ሐሰት ነው» አለ ጉልላት።

«ዓይን ዓይኔን እያዩ ይመልሱልኝ። በቀኝዎ የቆመው ባልደረባዬ ስንት ጣት አንስቷል?»

«ማን ቆሟል?» አለ።

ፖሊሱ ሦስት ጣቱን እንዳነሳ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጉልላት ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና አየው፤ ከዚያ በመዳፎቹ ፊቱን ሸፈነ።

«ሐሙስ ዕለት ‹ካልታከምክ መንዳት የለብህም› አለችኝ» አለ። «ቅዳሜ ልለምናት መጣሁ። ቪዲዮውን አጥፊው አልኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከትራሙ በቀር ምን አለኝ? ለመሥሪያ ቤቴ ልትናገር ነበር።»

ፋጥና ከሟቿ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኘችውን፣ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኼ የዓይን ክሊኒክ ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ ነው። በእርስዎ ስም፣ ለትናንት ሦስት ሰዓት። ደውዬ ጠየቅሁ፤ የያዙት ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው። ‹እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ› ብለዋል። ለመሥሪያ ቤትዎ አልደወሉም፤ አልጻፉም።»

ልዕልት ወረቀቱን አንስታ የእናቷን የእጅ ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላሰበችም» አለች። ከዚያ ወደ ጉልላት ዞረች። «ቅዳሜ ከሰዓት ምን አደረግህ?»

«ሺሽት ነበረኝ፤ የሥራ ተራዬ ነበር።»

«ነዳህ?»

«ነዳሁ።»

«ትናንትስ?»

ጉልላት አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ሮማን ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ፤ ልዕልትን ሊያቅፉ አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ ልዕልት ግን «አይንኩኝ» አለቻቸው። ፖሊሱ የጉልላትን ክንድ ያዘ። ፋጥና ወደ በረንዳው ወጥታ ለትራም መናኸሪያው ደወለችና፣ የዛሬ ከሰዓቱ ሾፌር እንደማይመጣ፣ ሌላ ሰው እንዲመድቡ ነገረቻቸው።