የጠፋው የ1981 ፋይል

ቅዳሜ ጠዋት የመካነ ሰላም ገበያ በሰው ሳይሞላ በወሬ ሞልቶ ነበር። አቶ ኪዳነማርያም ሞተው ተገኝተዋል። ኢንስፔክተር በዛች ቤታቸው ስትደርስ ሽማግሌው በወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ ጭንቅላታቸው ከፋይል መያዣው የብረት ሳጥን ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል።

ሟች በደርግ ማብቂያ የፕሬዚዳንቱ የአውሮፓና የሶቪየት ጉዳዮች አማካሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ይዘው የመጡት ሀብት አንድ አይሱዙ ሙሉ ወረቀት ነው። አገሬው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ስቆባቸዋል። በዛችም አብራ ስቃለች፤ አሁን አፈረች።

ፋይሎቹ ከ1979 እስከ 1991 በዓመት ተደርድረዋል። 1981 ብቻ የለም።

«ምን ነበረበት?» ስትል የእህታቸውን ልጅ የኔአለምን ጠየቀቻት። ከቤይሩት ተመልሳ ሽማግሌውን የምትጦራቸው እሷ ናት፤ ትናንት ወደ ከላላ ከተማ ሄዳ እዚያው አድራለች።

«የስንዴና የትራክተር ደብዳቤ። ማን ይፈልገዋል?»

«ሰሞኑን አዲስ ነገር ነበር?»

«ለዛሬ እትዬ አልታየችን ጠርተዋት ነበር። ስለ ወንድሟ ሊነግሯት።»

የአልታየችን ወንድም ጋሹን የማያውቅ የለም። ሞስኮ ሲማር ተጠርቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሞቱ ስላልተረዳ ተዝካሩ እንኳ አልወጣም።

ቀጥሎ የመጣው ፋይሎቹን ዓመት ሙሉ አብሮ የደረደረው የታሪክ መምህሩ ሙሐሲን ነው።

«ከሟች ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ወላሂ ተጣልተናል! አንዷን ፋይል ከለከሉኝ። ‹መጀመሪያ ባለቤቷ ትያት› አሉኝ።»

«1981ን?»

«ኧረ 1989ን።»

የአልታየች ባል አቶ ንጉሡ የሟች የዘወትር ጨዋታ ጓደኛ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው «እኔ እዚያ ቤት ጨዋታ እንጂ ወረቀት አላውቅም» አሉ። በዛች አመስግና ሸኘቻቸውና የ1989ን ፋይል ከፈተች። አንብባ ስትጨርስ የሰው ገመና ያየች ያህል ፊቷ ጋለ።

ከሰዓት በኋላ የኔአለምን፣ ሙሐሲንን፣ ንጉሡንና አልታየችን ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ የፈለገው አንድ ወረቀት ነው፤ የወሰደው ግን የስንዴ ደብዳቤ ሆነ። ሟች ሥራቸው ከፈረንጅ ጋር ስለነበር ፋይሉን የደረደሩት በፈረንጅ ዓመት ነው። የኔአለምና መምህሩ ይህን ያውቃሉ፤ አይሳሳቱም። የተሳሳተው በእኛ አቆጣጠር 1981ን የፈለገ ሰው ነው። እትዬ አልታየች፣ ወንድምዎ የተጠራው መቼ ነው?»

«ግንቦት 1981።»

«በፈረንጅ 1989 ነው። ፋይሉ እዚሁ አለ። ሟች እንደጠሩዎት ለማን ነገሩ?»

አልታየች ለምን እንደተጠየቀች ቶሎ አልገባትም። «ለማን እነግራለሁ? ደስ ብሎኝ ለባሌ ነገርኩት» አለች። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረች።

በዛች ወረቀቱን አነበበች። ጋሹ ከአገር ከሃዲዎች ጋር ይጻጻፋል ይላል፤ ፈራሚው በወቅቱ የወረዳው ካድሬ የነበሩት ንጉሡ ናቸው። ከጎኑ «ተጠርቶ ይምጣ» የሚል አለ፤ ፊርማው የአቶ ኪዳነማርያም ነው። ከሥሩ ደግሞ ኋላ ላይ በራሳቸው እጅ የተጨመረው «ሐምሌ አሥር እስር ቤት ሞተ። እኔም አለሁበት» ይላል። የኔአለም የአጎቷን ፊርማ ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም» አሉ ንጉሡ። «‹እኔም ፈርሜያለሁ፣ አብረን እንንገራት› አሉኝ። አብረን! በየትኛው ዓይኔ ልያት?»

«ጋሹ ምን አድርጎህ ነው?» አለች አልታየች።

«‹እህቴን ለካድሬ አትስጡብኝ› ብሎ ለአባትሽ ጽፎ ነበር።»

ክፍሉ ውስጥ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ሙሐሲን እንኳ ምንም ሳያጠፋ ጫማውን ያይ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልታየች ወንድሟን በየጠበሉና በየስለቱ ስትፈልግ፣ መልሱ አብሯት ይበላ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ፖሊሶቹ ንጉሡን ይዘው ሲወጡ አልታየች ከደጃፉ ላይ አስቆመቻቸው።

«የበኩር ልጃችንን ጋሹ ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ» አለች። «እኔ ደግሞ ጉልበትህን ስሜ አመሰገንኩህ። አሁን ልጄን ማን ብዬ ልጥራው?»