ከግድቡ ላይ የተነቀለችው አካፋ

ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም... ውሸት እንደምወድ የሚድልበርግ ከተማ ሙሉ ያውቃል። ይሄ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ኅዳር ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጭጋግ የሱቁን መስታወት ሸፍኖታል።

እኔ የጥንት ካርታ ቀለም ቀቢ ነኝ። ባሕሩን ሰማያዊ፣ መሬቱን አረንጓዴ... እንጀራዬ ይሄው ነው።

አለቃዬ ማሪኑስ መነጽሩን አስተካክሎ አራት መቶ ዓመት የሆነውን የባሕር ዳር አውራጃችንን የዜላንድን ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ባሕሩ ወደ መሬቱ እንዳይገባ በሚያግደው ግድብ ላይ አንዲት ትንሽ አካፋ ተስላለች። ከሥሯ የማሪኑስ የዘር ስም ተጽፏል።

ነገሩን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ዱሮ የግድብ ድርሻውን መጠገን ያቃተው ገበሬ አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ መሬቱንም ጥገናውንም ይረከባል። የማሪኑስ የሩቅ ዘመን ቅድመ አያት ግን ለማንም ሳይናገር ተክሎ ጠፋ።

ባሕሩ ገባ። መንደሩ ከነሰዉ ሰጠመ።

«አካፋዋን ፋቃት» አለኝ ማሪኑስ። «ልጄ ስታገባ የምሰጣት ይሄንን ካርታ ነው። አማቶቿ ይሳቁብን?»

«አለቃ... የሙታን አካፋ እኮ ናት።»

«ቀልድህን ተውና ሥራህን ሥራ።»

በምላጭ ፋቅኋት።

ወረቀቱ ረጠበ። ጣቴን ቀመስኩት... ጨው ጨው ይላል።

ቀና ስል አንዲት ሴትዮ ቆማለች። የበሩ ደወል አልጮኸም። የቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል... ውጭ ግን ዝናብ የለም።

«አካፋዋን ማን ነቀላት?» አለች በሹክሹክታ።

«እሱ» አለ ማሪኑስ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«እሱ አዞኝ ነው። የተጻፈውም የዘሩ ስም ነው፤ እይው፣ እናቴ።»

ጎንበስ ብላ አነበበች። ፈገግ ስትል ጥርሶቿ መሃል አሸዋ አየሁ።

«ድርሻችሁ ስንት ዘመን ሳይጠገን ቆየ፣ ልጄ» አለችው። «በል ና።»

ጭጋጉ ሱቁ ውስጥ ገባ...

ሲወጣ የማሪኑስ ወንበር ላይ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር።

ካርታውን በማጉያ አየሁት። ግድቡ ላይ መነጽር ያደረገ ትንሽ ሰውዬ አጎንብሶ አፈር ይደለድላል። ውሃው ጉልበቱ ደርሷል።

ሳቅኩ... ምን ልዋሽ።

ዛሬ ጠዋት ደግሜ አየሁ። ውሃው ደረቱ ደርሷል። አጠገቡ ሁለተኛ አካፋ ተተክላለች። የያዛት ሰው የለም።

እጀታዋ ላይ አረንጓዴ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

አውራ ጣቴን አየሁት...

አረንጓዴው ቀለም ገና አልደረቀም።