የትርሲት ሰባት ቆርኪዎች

ልጆች፣ ቆርኪ ታውቃላችሁ አይደል? የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን። እንግዲህ ትርሲት አሥራ አምስት ቆርኪ ነበራት።

የሰጣት አባቷ ነው። አባቷ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሩቅ፣ ባሕሩ ድረስ ይሄዳል።

«አሥራ አምስት ቀን ነው የምቆየው፣ የኔ እናት» አላት። «በየቀኑ አንድ ቆርኪ ጣሳው ውስጥ ጣይ። ቆርኪው ሲያልቅ እመጣለሁ።»

«ኳ!» አንድ ቀን። «ኳ!» ሁለት ቀን። እንዲህ እንዲህ እያለች ስምንት ደረሰች።

ጠዋት ላይ የቀሩትን ቆጠረች። ሰባት። ሰባት ደግሞ ብዙ ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ጃኬት አሸተተች። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አባቷ በጣም ናፈቃት።

«እማዬ፣ እስኪ አንቺ ቁጠሪልኝ።»

«እኛ በጣት ነበር የተማርነው» አለች እናቷ። የራሷ ጣት አልበቃ ሲላት የትርሲትን ጣት ተበደረች። ቆጠሩ፣ ቆጠሩ። አሁንም ሰባት።

ትርሲት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ ጎረቤታቸውን አባባ መኩሪያን አገኘች፤ በጣት መቁጠራቸውንም ነገረቻቸው። «ኤዲያ፣ በጣት ምን ይሆናል?» አሉ። «በእኛ ጊዜ በጭራሮ ነበር። ስንሳሳትም በዚያው ጭራሮ እንቀምስ ነበር።»

አሥራ አምስት ጭራሮ ደረደሩ። ስምንቱን አነሱ። አሁንም ሰባት።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ቲቸር የሺመቤት አዲስ መጽሐፍ ይዘው ገቡ። «ልጆች፣ በቆርኪ መቁጠር ቀርቷል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እንደ እንቁራሪት እየዘለልን ነው የምንቆጥረው።»

ትርሲት ደስ አላት። በአዲሱ ሒሳብ ሰባቱ ሊያንስ ይችላል ብላ አሰበች።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ከተጻፉት ቁጥሮች አሥራ አምስት ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ዘለለች። «ዱብ! ዱብ! ዱብ!» ስምንት ጊዜ ዘላ የት አረፈች?

ሰባት ላይ። አሁንም ሰባት።

እንባዋ መጣ። «ቲቸር፣ ሌላ አዲስ ሒሳብ መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱማ መች ይቀራል፣ በየጊዜው ይመጣል» አሉ ቲቸር እየሳቁ። «ምን ልታደርጊበት ነው?»

«አባዬን ቶሎ የሚያመጣውን ፈልጌ ነው።»

ቲቸር መሳቃቸውን ተዉ። ቁጢጥ ብለው እንባዋን ጠረጉላት።

«አየሽ ትርሲትዬ፣ አቆጣጠሩ ይቀያየራል እንጂ ቀኑ ያው ነው። ቀን የሚያልቀው ውሎ ሲያድር ብቻ ነው።»

እናም ዋለ፣ አደረ። «ኳ!» ዋለ፣ አደረ። «ኳ!»

የመጨረሻዋ ቆርኪ ጣሳው ውስጥ የገባች ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከውጭ ጡሩምባ ተሰማ። «ጲጵ! ጲጵ!»

አባቷ ብድግ አድርጎ አቀፋት። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«ስንት ቀን ቆየሁ?» አላት።

«አሥራ አምስት። በጣትም፣ በጭራሮም፣ በእንቁራሪትም ቆጠርኩት። አላንስ አለኝ።»

አባቷ ከኪሱ ቆርኪ ዘረገፈ። አሥራ አምስት ቆርኪ። «እኔም ስቆጥር ነበር» አላት። «እኔንም አላንስ አለኝ።»

የሱንም ቆርኪዎች ጣሳው ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ ትርሲት አባቷ ክንድ ላይ ተኛች። ያን ዕለት ምንም አልቆጠረችም።