የደቻቱ አውጫጭኝ

ወፏ ከማለዳ ጀምራ ገዳይ አላገኘችም። ሌላ ጊዜ ወንጀልን ከጫፉ ይዛ ወደ ኋላ ስትተረትር የኢንስፔክተር ትርሲት ጉልማ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ስም ትጠራ ነበር። ዛሬ ግን ግድግዳው ላይ የዘረጋችው የብርሃን ክር ዓለምን ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ድሬዳዋ ይገባል።

ወፍ የፖሊስ መሣሪያ ናት። በየአገሩ የተነካውን ቁልፍና የተላከውን ትእዛዝ ተከትላ ማን ምን እንዳደረገ ታወጣለች። ስሟ ከጥንቱ አውጫጭኝ የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሲገደል የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ለሽማግሌዎቹ ምስጢሩን ሹክ የሚለው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር።

ወንጀሉ ይህ ነው። ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በጠራራ ፀሐይ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ወረደ። የጎርፍ ጡሩምባው አልተነፋም። የወንዙ ደረቅ አሸዋ ላይ ይገበያዩ ከነበሩት አሥራ አንዱን ውሃ ወሰዳቸው። ጡሩምባውን የሚነፋው ማሽን ካሜራው ያሳየውን ሲጠራጠር የሰው ዓይን ይጠይቃል፤ ጥያቄውም በዓለም ዙሪያ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ሥራ ከሚጠብቁት ለአንዱ ይደርሳል። ያን ቀን የደረሰው ለአዴ ዙቤይዳ ነበር። አዴ ዙቤይዳ እዚያው ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር የምትኖር፣ ጎረቤቱ «አዴ»፣ እማ፣ የሚላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ምስሉን አይታ «ደረቅ» የሚለውን ነካች። ከሞቱት አንዷ ወንዙ ውስጥ ሳምቡሳ ትሸጥ የነበረችው ታናሽ እህቷ ነጂባ ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ዐቃቤ ሕጉ ኢብሳ፣ በሩን ገፍቶ እየገባ። «የነካችው ይቻት። ፋይሉን ስጪኝና ልክሰስ።»

«የገዛ እህቷን ለመግደል ነው የነካችው?»

«እሱን ለዳኛው ትንገር።»

«ምስሉ ተነካክቶ ነው የደረሳት። የወንዙን ዳርቻ የቆረጠ አለ፣ ቀለሙን ያደበዘዘ አለ፣ ከወረፋው አውጥቶ ያሳለፈ አለ። አርባ ሁለት ሰው ነው ከጀርባዋ ያለው፣ ኢብሳ።»

«ማን አዘዛቸው?»

ትርሲት ወደ ግድግዳው አመለከተች። ያዘዛቸው በየአገሩ ጎርፍና ድርቅ ላይ በገንዘብ የሚወራረድ ድርጅት ነው። ከተማ ሲጠፋ የሚያተርፍ ድርጅት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ድርጅት ነው፤ የዚያኛውም ሥራ አስኪያጅ ሦስተኛ ድርጅት፤ የሦስተኛው ባለቤት ደግሞ ያው የመጀመሪያው። ሰው የለበትም። ወፏ እዚያ ስትደርስ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ የምታርፍበት ቅርንጫፍ ታጣለች።

«እንግዲያው እጅ ያላት እሷ ብቻ ናት» አለ ኢብሳ። «ካቴና ጥላ ላይ አይገባም፣ እህቴ።»

ትርሲት ደሟ ፈላ። ዓለም አንድ መንደር ሆናለች እየተባለ ነው ያደገችው፤ ትምህርት ቤት ሳሉ በመዝሙር ሳይቀር አስዘምረዋቸዋል። ውሸት ነው። መንደር ውስጥ ገዳይ ይታወቃል። መንደር ውስጥ የገደለ ሰው የሟችን እናት ገበያ ላይ ያገኛታል፣ ዓይኗን መሸሽ አለበት። እነዚህ የሠሩት መንደር አይደለም። አንዱ ቢላውን የሚስልበት፣ ሌላው እጀታውን የሚገጥምበት፣ ሦስተኛው የሚያቀብልበት፣ የሁሉም እጅ ንጹሕ የሆነበት ቄራ ነው።

«አውጫጭኝ እጠራለሁ» አለች።

መንግሥታት በተፈራረሙት ውል መሠረት መርማሪ አውጫጭኝ ከጠራ በክሩ ላይ ያሉ ሁሉ በያሉበት ሆነው በብርሃን አካል ይቀርባሉ፤ ብርሃን አካል ማለት ከሩቅ የሚላክ የሰው ሙሉ ምስል ነው። ጥፋተኛው እስኪታወቅም የሥራ ማሽናቸው ተቆልፎ ይቆያል። ከቀትር በፊት የፖሊስ ጣቢያው አዳራሽ ሞላ። አንዱ የሌሊት ልብስ ለብሷል፣ አንዷ ሕፃን ታጠባለች። መካከላቸው በሥጋዋ የተቀመጠችው አዴ ዙቤይዳ ብቻ ነበረች።

ወፏ የሁሉንም ቋንቋ እየተረጎመች ትርሲት አንድ በአንድ ጠየቀች።

«እኔ ዳሩን ነው የቆረጥኩት» አለ ሮሜል የሚባል የሩቅ ደሴት ሰው። «ቁረጥ ተባልኩ፣ ቆረጥኩ።»

«እኔ ቀለም አሳሳሁ። በቀን ስንት ምስል እንደማሳሳ ያውቃሉ?» አለ ሌላው።

«እኔ ድርጅቱን አስመዘገብኩ» አለች የሕግ ባለሙያዋ። «አንድም ሕግ አልጣስኩም።»

«ሰው ሞቷል» አለች ትርሲት።

«አዝናለሁ። የት አገር ነበር ያሉኝ?»

ሰዓቱ ሲገፋ መንጫጫት ጀመሩ። ሥራቸው ተቆልፏል፤ ያልሠራ አይበላም። ትርሲት የሕግ ታሪክ ስትማር ያነበበችው ትዝ አላት፤ ድሮም አዝመራው ማሳ ላይ ሲበሰብስበት ሕዝቡ ዘመድ የሌለውን አንዱን ጠቁሞ የሚበተንበት ጊዜ ነበር። እንደፈራችውም ሆነ።

«መጨረሻ ላይ የነካችው እኮ እሷ ናት» አለ አንዱ።

«ውሃና አፈር መለየት ያቅታታል?»

«ደግሞ እዚያው ከተማ ተቀምጣ።»

ጣቶች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞሩ። ኢብሳ ግድግዳውን ተደግፎ ይመለከት ነበር።

አዴ ዙቤይዳ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «አቦ፣ አንድ ጊዜ ምስሉን አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ትርሲት ግድግዳው ላይ አወጣችው። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ዳር የሌለው ነገር ነበር። ድልድዩ የለም፣ የሻጮቹ ድንኳን የለም።

«ይሄን ነው ያየሁት» አለች አዴ ዙቤይዳ። «በዚህ ወንዝ ውስጥ ነው ያደግኩት። እህቴን በጀርባዬ አዝዬ አሻግሬበታለሁ። ሳየው አላወቅኩትም። የሌላ ሰው አገር መስሎኝ ነው።» ወደ ምስሉ ጠጋ አለች። «የሌላ ሰው አገር ስለመሰለኝ ደግሜ አላየሁትም። እሱ ነው ጥፋቴ። ነጂባን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«አዴ፣ እንደሱ አይበሉ» አለች ትርሲት።

ወፏ ግን ሰምታለች። ከማለዳ ጀምራ የምትፈልገው «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ነበር፤ ክሩ አንድ ሰው ላይ ካላለቀ የሠሯት ሰዎች ሌላ የጥፋተኛ ምልክት አላስተማሯትም። ግድግዳው ላይ ያለው ክር መዞሩን አቆመና ተቋጠረ።

«ጥፋተኛ ተገኝታለች። ጉባኤው ተፈትቷል፤ መሄድ ትችላላችሁ።»

ሰላምታ እንኳ የለም። ብርሃኖቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ የሕግ ባለሙያዋ ቀደመች። ኢብሳ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ፤ ፊቱ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ንጹሕ የሆኑት ሄዱ» አለች ትርሲት። «ሰው የሆነችውን ልንወስዳት ነው?»

የኢብሳ ዓይን ወደ አዳራሹ ጥግ ሄደ። አንድ ብርሃን ቀርቷል። ሮሜል ነው።

«ተፈትተዋል፤ ይሂዱ» አለችው ወፏ።

«የቆረጥኩትን ዳር ታገኙታላችሁ?» አለ ሮሜል። «ሙሉውን አሳዩኝ።»

ትርሲት የወንዙን ካሜራ ያልተቆረጠ የመጀመሪያ ምስል ፈልጋ አወጣችው። ድልድዩ ታየ፤ ከድልድዩ ሥር ድንኳኖቹ፤ ከድንኳኖቹ አጠገብ የሳምቡሳ ብረት ድስት ላይ ያጎነበሰች ሴት። ውሃው ገና አልደረሰባትም።

ሮሜል ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ አዴ ዙቤይዳ ዞረ።

«አይቻታለሁ» አለ። «ስቆርጥ አይቻታለሁ። እኔም ነኝ።»

ወፏ «ጥፋተኛ ተገኝታለች» አለች፤ ደግማ «ጥፋተኛ ተገኝታለች» አለች፤ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታ አልነበራትም። የተቋጠረው ክር ተፈታና እንደገና መዞር ጀመረ።

አዴ ዙቤይዳ ወንበር ስባ ከብርሃኑ አጠገብ አስቀመጠች፤ ብርሃን እንደማይቀመጥ ረስታው ይሆናል። ኢብሳ ካቴናውን እንደያዘ ቆሟል፤ የማንን እጅ እንደሚይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አላወቀም።