የመጀመሪያው መስመር

«ግለ ሂስህን አድርግ» አሉ መምህር ገብረየስ።

ኩማ ከወንበሩ ተነሳ። የቀሩት የቡድኑ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። የአንድ ለአምስቱ መሪ ሐዳሳ የቃለ ጉባኤ ደብተሩን ዘርግታ፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትጠብቅ ነበር።

ጠዋት የሆነውን የማያውቅ የለም። የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክበብ አሮጌ ማሽን ሊጎበኙ በመጡ እንግዶች ፊት ግሎ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ የተለፋው ደግሞ እንዲህ እንዳይሆን ነበር። ማሽኑ ሲግል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚያደርግ ፕሮግራም ኩማና ሐዳሳ ጽፈዋል። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ 1600፣ 1867 እና 2133 ሜጋኸርዝ። ችግሩ፣ ፍጥነቱ ሲለካ ቁርጥ ያለ ቁጥር አይመጣም። ማሽኑ በ1600 እየሠራ 1594 ይላል። ፕሮግራሙም 1594ን ዝርዝሩ ውስጥ ሲያጣው «የማይታወቅ ፍጥነት» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ኩማ እስከ አስር ያለውን ልዩነት እንዳላየ እንዲያልፈው አደረገ። ሐሙስ ዕለት ጨርሶ የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼን ሊያከብር ከቤተሰቦቹ ጋር ወደ በዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሄደ።

ክበቡ አንድ ደንብ አለው። ፋይሉን መጨረሻ የነካ ሰው ስሙንና ቀኑን የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጽፋል። መምህር ገብረየስ ከዚያ መስመር በታች አያነቡም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ስክሪኑን ወደ ልጆቹ አዞሩት። መስመሩ «ኩማ፣ ሐሙስ» ይላል።

ከዚያ ሂሱ ቀጠለ። ሩሐማ ኩማ ሰው አያማክርም አለች። ሙክታር ፋይሉን አንድም ቀን ከፍቶ አያውቅም፤ እሱም ተነስቶ ኩማ ልቡ በዓሉ ላይ ስለነበር ተቻኩሏል አለ። ሂስ ያልሰጠ ራሱ ሂስ እንደሚውጥ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚለው አላጣም።

«እኔ የጻፍኩት አስር ነው» አለ ኩማ። «አሁን ያለው ሦስት መቶ ነው። ሐዳሳ አብራኝ ነበረች። ሐዳሳ፣ አስር አልነበረም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መምህር ገብረየስም ዞሩ።

«አላስታውስም» አለች። ያለችውንም ደብተሩ ላይ ጻፈችው።

ታስታውሳለች እንጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዋን ስትሞክረው ማሽኑ 1586 አለ፤ በአራት ቁጥር ከአስሩ አለፈ። «የማይታወቅ ፍጥነት» የሚለው ጽሑፍ አሁንም አሁንም እየመጣ አናደዳት። ጓደኞቿ ደግሞ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ ሊበሉ ደጅ ቆመው ይጠሯታል። አስሩን አጥፍታ ሦስት መቶ ጻፈች፤ ጽሑፉ ጠፋ፤ ሮጣ ወጣች። የመጀመሪያውን መስመር አልነካችውም። ኩማም ዛሬ ጠዋት የራሱን ስም ሲያይ ሰው የነካው አልመሰለውም። ማሽኑ በ1862 እየሠራ ሲግል ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ አመሳከረ። ከ1600 ጋር ያለው ልዩነት ከሦስት መቶ በታች ነው። ስለዚህ 1600 ነው፣ ከዚህ በታች ደረጃ የለም ብሎ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ተወው። ሐዳሳ ይህን የተረዳችው ስክሪኑ በጠቆረበት ቅጽበት ነው።

«ከነገ ጀምሮ ይህን በር እንዳትረግጥ» አሉ መምህር ገብረየስ። «ቡሹሎ ሄደህ በቆሎህን ኮትኩት። በቆሎ ልዩነት አይቆጥርብህም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሐዳሳም ሳቀች። ሳቁ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ራሷን ጠላች፤ ግን አላቆመችም። የሐዳሳ አባት ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ አለ። ኩማ ግን ከዚህ ማሽን በቀር ሌላ ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም፤ ለዚህ ሲል በየሳምንቱ ከቡሹሎ በእግሩ ይመጣል።

መምህሩ ሐዳሳን ቃለ ጉባኤውን አስፈርማ መምህራን ክፍል እንድታመጣላቸው አዘዋት ወጡ። ልጆቹ እየፈረሙ ወጡ። ሙክታር በሩ ላይ የኩማን አነጋገር አስመስሎ ሙድ ያዘበት። ኩማ መጨረሻ ላይ ቀረ። «አላስታውስም» የሚለውን በጣቱ ተከትሎ አነበበው፤ ከዚያ ፈረመ።

«ሦስት መቶ ከሆነ 1867 ራሱ 1600 ይመስለዋል» አላት። «ሃያ በቂ ነበር። የቀየረውን ሰው ካገኘሽው ንገሪው፤ አለዚያ ሌላ ቦታም ይደግመዋል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስገብቶ፣ ዘወር ብሎ ሳያያት ወጣ።

ሐዳሳ ደብተሩን ይዛ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ማሽኑን አበራችው። ጎኑ ገና አልቀዘቀዘም። ፋይሉን ከፍታ «ኩማ፣ ሐሙስ» የሚለውን አጠፋችና «ሐዳሳ፣ ቅዳሜ» ብላ ጻፈች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፤ ሦስት መቶውን ሃያ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነበር። እንዳለ እንዲታይ ሳትነካው እዚያው ተወችው።

ደብተሩ ላይ «አላስታውስም» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ «አስር ነበር» ብላ ጻፈች፤ ጎኑ ላይ ፈረመች። ማሽኑን ሳታጠፋ፣ በሩንም ሳትዘጋ፣ ደብተሩን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።