ሕያው ችካል

የጤዛ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ንጋት፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የዘርማት መንግሥት ዕጣ ፈንታ በአንዲት ልጃገረድ ቀኝ እግር ላይ ወደቀ፤ እግሩ ግን አልነሣም አለ።

ማዕዶት በሐቅለ ነፋስ ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች። ከማዶ፣ ጉምዘር የተባለው ክንፋም ዘንዶ ከቤተ መንግሥት የሰረቀውን የዝናብ ዕንቁ በጅራቱ ጠምጥሞ ተኝቷል። ዕንቁው ከተሰረቀ ወዲህ በዘርማት ጠብታ አልወረደም፤ ምንጮች ነጥፈዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ከንፈር በቅጠል ላይ ጤዛ ያርሳሉ። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ዘንዶው ነቅቶ ዕንቁውን እንደሚውጠው ኮከብ ቆጣሪዎች ተናግረዋል።

የዘርማት ገመድ ሠሪዎች ድልድይ አስቀድሞ ተገምዶ አይዘረጋም። ገመዱ ከሠሪው መዳፍ የሚወለደው እግሩ ባዶውን ከረገጠ በኋላ ነው። ጫፉን የሚይዘውም ችካል ሕያው ሰው መሆን አለበት። ያ ሰው ተሻጋሪው እስኪመለስ ድረስ ከጣቶቹ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ድንጋይ ይሆናል። ተሻጋሪው ከፈጠነ ይድናል፤ ከዘገየ ድንጋዩ ልቡ ይደርሳል።

ዛሬ ችካል የሆኑት መምህሯ አባ ዝናር ናቸው።

«የመንጋጋ ማሰሪያውን ቋጠሮ አንድ ጊዜ ብቻ ልከልሰው» አለች።

«ትናንት ከልሰሽዋል። አምናም ከልሰሽዋል።»

ንጉሡ አብሯቸው የላከው ጦረኛ፣ ጉልማ፣ በጦሩ ተደግፎ ሣቀ። «ይተዉአት አባ! እሷ ከልሳ እስክትጨርስ ዘንዶው አርጅቶ ይሞትልናል።»

«ዝም በል አንተ! ፈረስ ላይ ለመውጣት ኮርቻውን ስትለማመጥ የምትውል ሰው!» አለችው። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አባ፣ እፈራለሁ። ገደሉን ብቻ አይደለም። ብዘገይስ?»

«ስሚኝ ልጄ። እኔም በየማለዳው እፈራለሁ። ፍርሃቴ እስኪሄድልኝ ብጠብቅ ኖሮ አንድም ገመድ ባልገመድሁ። ቁርስ ሳትቀምሺ በየማለዳው ቋጠሮ ያስቋጠርሁሽ ለዚህ ነው፤ ልብሽ ቢሸሽ እንኳ እጅሽ እንዳይሸሽ። በይ፣ ሰማዩ እየቀላ ነው።»

ማዕዶት ቀኝ እጇን አነሣች። «በነጠፉት ምንጮቻችን እምላለሁ! ዕንቁውን ሳልይዝ ፊቴን ወደ ኋላ አልመልስም!»

ዓይኗን ጨፍና ባዶውን ረገጠች።

ለአንድ እስትንፋስ ያህል ከእግሯ ሥር ምንም አልነበረም። ከዚያ ከመዳፏ ብርማ ክር ፈለቀ፤ ተጎነጎነ፤ እግሯን ተቀበለ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ዙር ገመድ። ነፋሱ ከታች እየጮኸ ቀሚሷን ይጎትታል። መሃል ላይ ዓይኗን ገልጣ ቁልቁል አየችና ቆመች። ምን ያህል እንደ ቆመች አታውቅም። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እንደ ውርጭ ሲቀዘቅዝ ግን ቅዝቃዜው ከማን እንደሚመጣ ገባት፤ ሮጠች።

ዘንዶው አንድ ዓይኑን ሲገልጥ ደረሰች። ልቧ፣ በእርግጥም፣ ሸሸ። እጇ ግን የማለዳ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ጉምዘር እሳቱን ከመትፋቱ በፊት መንጋጋው በቋጠሮ ታሰረ። በታገለ ቁጥር ቋጠሮው ጠበቀ። ማዕዶት ዕንቁውን ከጅራቱ መንጭቃ፣ ትከሻዋ በጥፍሩ ተሰንጥቆ፣ በመጣችበት ገመድ ወደ ኋላ በረረች።

ገና አፋፉን ስትረግጥ የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጯ ላይ አረፈ።

«ዘነበ!» ብላ ጮኸች። «አባ፣ ዘነበ!»

ጉልማ ጦሩን መሬት ላይ አጋድሟል። የራስ ቁሩን አውልቆ በደረቱ ይዟል።

አባ ዝናር እግራቸውን አፈሩ ውስጥ ተክለው፣ ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደ ቆሙ ናቸው። ውኃው በግንባራቸው ሽብሽብ እየተንኳለለ፣ በደነደነው ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከሸለቆው መንደሮች እልልታ ይሰማል።

ማዕዶት ተንበርክካ ግራጫ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ለማላቀቅ ታገለች።

«አባ» አለች «መጥቻለሁ እኮ። እባክዎ፣ አሁን ይልቀቁት።»