የካሴቱ ጭራ

የእኔን የስፌት መኪና ከሱፍያን ሙዚቃ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ አዲስ ዘፈን ከእኔ ቀድሞ የሚሰማ የለም፤ ከእኔ ቀድሞ የሚሰለቸውም የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሰው አፍ ለቃቅሜ አይደለም።

ጊዜው ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ካሴት ላይ ተናግረው በመጪ ሰው እጅ ይልኩ ነበር። የጎረቤታችን የበዛች ልጅ ፈርሂያ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። በዛች ደግሞ ቴፕ የላትም። ካሴት በመጣ ቁጥር በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ሱፍያን ዘንድ ትሄዳለች፤ እሱ ያሰማታል፤ መልሷንም ይቀዳላታል።

ፈርሂያ መጨረሻ ላይ ቦታ ሲተርፋት፣ «ካሴቱን ለሚያሰማሽ ልጅም ሰላም በይልኝ» ትላለች።

ሱፍያንም የበዛች መልስ ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔም ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጨምራል። ይችን ለማለት ሦስት ጊዜ ሲቀዳና ሲያጠፋ በቆርቆሮው በኩል ሰምቼዋለሁ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያች የካሴት ጭራ ረዘመች። እሷ ስለ ክረምቱ ትጠይቃለች፤ እሱ ስለ ባሕሩ። እሱ ከተማው የመጣው እሷ ከሄደች ወዲህ ስለሆነ አይተዋወቁም፤ በመልክ እንኳ ቢገናኙ ይተላለፋሉ።

«ምነው ሱፍያን፣ ዛሬ ፀጉርህን አበጠርህ? ካሴት ያያል እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እትዬ ሸጋዬ፣ ስፌትዎን ይስፉ።»

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ፈርሂያ ካሴቱ ላይ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ የአሠሪዬ እናት ዐይናቸው አያይም። ልጅ ሆነው የሰሙትን የጥንት ዘፈን አስተማሩኝ። ሙሽራዋ ወደ ሩቅ አገር ስትወሰድ ግመለኛውን የምትለምንበት ነው። ላንቺ ብቻ ልዝፈንልሽ።»

በዐረብኛ ዘፈነች፤ ፍቺውንም ነገረቻት፦ «ግመለኛው፣ ቀስ በል፤ እናቴ ገና ከበር አልገባችም።»

«የዘንድሮ ዘፋኞች በኦርጋን ያጣድፉታል» አለች ቀጥላ እየሳቀች። «አሮጊቷ ሲሰሙት፣ አጥፉልኝ፣ ግመሉን መኪና ላይ ጭነውታል ይላሉ።»

በዛች እያለቀሰች ወጣች። ካሴቱን እንደ ልማዷ እዚያው ተወችው፤ ቤት ወስዳ በምን ታሰማው?

ፍቅር ሰውን ብልህ ያደርጋል የሚል ሱፍያንን አላየውም። ያንን ዘፈን ወደ ሌላ ካሴት ገለበጠው፤ ከሥሩ ኦርጋንና ከበሮ አስገባ፤ አጣደፈው፤ በአማርኛ ተቀባይ ሆኖ የራሱን ድምፅ ጨመረበት። ፈርሂያ ስትመጣ ሊያስደንቃት አስቦ ነው። በጥር ሰርግ አጫወተው። ወጣቱ አበደለት። ሾፌሮች ገለበጡት፤ አጅባር፣ ወግዲ፣ ወረኢሉ ደረሰ። «ዘፋኟ ማን ናት?» ሲሉት «የውጭ ናት» ይላል። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

በሚያዝያ ፈርሂያ ለሁለት ወር ፈቃድ መጣች። በዛች እንደነገረችኝ፣ በልቧ እዚሁ ልትቀር አስባ ነበር።

ከደሴ ስትመጣ የአውቶቡሱ ሾፌር ያንን ካሴት ከተተ። ተሳፋሪው ማጨብጨብ ጀመረ። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣ «ይችን ዘፋኝ ታውቂያታለሽ?» አለቻት። ፈርሂያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ሻንጣዋን እንደያዘች፣ እናቷን እንኳ ሳታይ፣ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እኔ እግሬን ከመኪናው ላይ አነሣሁ።

«ሱፍያን አንተ ነህ?»

በድምፅዋ አወቃትና ብድግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ሳይደርስ ቀደመችው።

«አሮጊቷ ሞተዋል። በመጨረሻ ቀናቸው አልጋቸው ሥር ተቀምጬ ያንን ነው የዘፈንኩላቸው። ዛሬ ሰው ሲያጨበጭብበት ሰማሁ።»

«ላስደስትሽ ብዬ…»

«ጠይቀኸኛል?»

ዐይኑን ወደ ቴፑ አዞረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕሩ ስትጠይቀኝ ኖርህ። ይህን ግን አልጠየቅኸኝም።»

አባቷ አሕመድኑር የልጁን የፈርሂያን ድምፅ በዚያው በጥር ሰርግ ቤት ሰምቶ፣ አፍሮ ለበዛች እንኳ ሳይነግር ኖሯል። ፈርሂያ መጥታ ነገሩ ሲወጣ፣ «ልጄን ያላየችው ድግስ ላይ አስጨፈራት። ደጄን እንዳይረግጥ» አለ። እሷም ፈቃዷ ሲያልቅ እመለሳለሁ አለች።

ሱፍያን ሙዚቃ ቤቱን ዘጋ። አንድ ከረጢት ባዶ ካሴት ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ዘፈኑ ያለበትን እየተቀበለ ባዶውን ይለውጣል። አጅባር ላይ፣ «ዘፋኟ ከዳችህ እንዴ?» እያሉ ሣቁበት። በሃያ ቀኑ ከስቶ መጣና ከረጢቱን ከአሕመድኑር አጥር ሥር አስቀመጠ። አባትየው አልወጣም። ፈርሂያ ወጣች።

«ሁሉንም ሰበሰብህ?»

«ካሴቱን አዎ። ሰው የሚያንጎራጉረውን ግን ከአፉ መንጠቅ አልቻልኩም።»

ከኪሱ የእናቷን ካሴት አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀበለችው። አይዞህ አላለችውም። የተቀደደ ጫማውን ግን ብዙ አየችው።

የምትሄድ ዕለት ጠዋት መናኸሪያው ድረስ ሸኘናት። ሱፍያን ከሰው ርቆ፣ ከግንቡ ጥግ ቆመ። ያው የደሴው ሾፌር ሞተሩን አስነሣና እጁን በልማድ ወደ ቴፑ ሰደደ፤ ካሴቱን ለሱፍያን መስጠቱ ትዝ ሲለው እጁን መለሰ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። በዛች እጇን እያውለበለበች ከጎን ከጎን ትሮጣለች።

«ሾፌር» አለች ፈርሂያ በመስኮቱ በኩል ሁላችንም እየሰማናት፣ «ቀስ በል። እናቴ ገና አልተመለሰችም።»

ሾፌሩ ያንን ዘፈን ስንት ወር ሙሉ ሲያስጮኸው የከረመ ሰው ነው። ያን ዕለት ገና የሰማው ይመስል እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። አውቶቡሱ እስከ መታጠፊያው በሰው እርምጃ ሄደ። የልጅቱ ዐይን ከእናቷ ወደ ግንቡ ጥግ ሄዶ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።

እስከ መስከረም ድምፅዋ ጠፋ። ሱፍያን ሙዚቃ ቤቱን ከፈተ እንጂ ሳምንት ሙሉ አንድ ዘፈን አያሰማም። እኔ ራሴ ጩኸቱ ናፈቀኝ።

በመስቀል ማግሥት በዛች ሁለት ካሴት ይዛ መጣች። አንዱ የእሷ ነው። ሁለተኛው በክር ታስሮ የሱፍያን ስም ተጽፎበታል። የእናትየውን አሰማትና ሸኛት። ከዚያ ወጣ፤ በሩ ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ አወረደ፤ እኔን ገልመጥ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጋ።

አልዋሽም፣ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍሁ። ቆርቆሮው አቃጠለኝ እንጂ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል።

«ምን አለች?»

«እትዬ ሸጋዬ፣ ስፌትዎን ይስፉ።»

ሰፋሁ። ጥቂት ቆይቶ መጥቶ ደፌ ላይ ቆመ፤ የበሩን እንጨት በጥፍሩ ይፍቃል።

«ጋሽ አሕመድኑር ዘንድ ሽማግሌ ቢላክ» አለ ቀና ሳይል፣ «የማንን ቃል ይሰሙ ይመስልዎታል?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ወደ አሕመድኑር ደጅ ልሄድ ተነሣሁ።